ነፍሷን ሸጣ ያላስረከበችው ሴት

መስከረም 18

ለውድ አጎቴ ለጋሼ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ጤና ሆነው፣ ወገብዎ ተሽሎት፣ ከአክስቴ ጋር ተደማምጣችሁ ታገኛችሁ ዘንድ ምኞቴ ነው። አብሮኝ ያደገው ልጅዎ ማሙሽስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው «ሥራሽን በወጉ ንገሪኝ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ውጭ አገር ናት ከማለት ሌላ የምለው የለኝም» ብለው ጽፈውልኛል። እሺ። የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። የሆቴሎች አንሶላና ፎጣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ አጥበን፣ አድርቀን፣ ተኩሰን፣ አጥፈን እንመልሳለን። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ የሚታየን የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው፤ ዝናብ መዝነቡን እንኳ የምናውቀው በጫማ ነው። መሀል ላይ የመተኮሻው ማሽን አለ። እንደ ግንድ የተጋደመ፣ የሚሽከረከር የጋለ ብረት ነው። አንሶላውን ከወዲህ በሁለት እጅ ዘርግተው ያጎርሱታል፣ ከወዲያ ተተኩሶ ይወጣል። የምታጎርሰው እቴቴ ናት፤ ከወዲያ የምቀበለው እኔ።

እቴቴ የአገራችን ሰው ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠን ነው ሁላችንም እቴቴ የምንላት። ሁለት ልጆቿን እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። ብዙ ብትቆይም የዚህ አገር ቋንቋ አልገባ ብሏታል፤ «እኔ ያለችኝ አንዲት ምላስ ናት፣ እሷንም ለልጆቼ ነው ያስቀመጥኳት» ትላለች። ስለዚህ ሐኪም ቤትም፣ ገበያም፣ አሠሪያችን ዘንድም አፏ እኔ ነኝ። አሠሪያችንን ሳቂታው ነው የምንለው። ሰው ሲቀጥርም ይስቃል፣ ሲያባርርም ይስቃል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ማሽኑ ቆሞ ፎጣ ስናጥፍ ነው የምናወራው። አንድ ቀን እርስዎ ልጆች ሳለን ይነግሩን የነበረውን፣ ሰዎች ነፍሳቸውን ሊወስድ የመጣውን ሰይጣን እንዴት እንደሚያሞኙት የሚያወራውን ተረት ጀመርኩላትና መሀል ላይ ጠፋብኝ። «ታዲያ ነፍሱን ወሰደበት ወይስ አልወሰደበትም?» እያለች ሰሞኑን በሙሉ መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች። እባክዎ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚያጽፍዎ ባለጉዳይ ሲጠፋ የልብስ ሰፊውን ተረት ይጻፉልኝ። የመነጽርዎንም ቁጥር ይላኩልኝ፤ እዚህ በቀላሉ ይገኛል።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 14

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት፣ ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ወገቤ እንደ ድሮው ነው፤ ከወንበር ስነሳ ከእኔ ቀድሞ እሱ ይጮሃል።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ከጎኔ የሚቀመጠው ሌላው ማመልከቻ ጸሐፊ «ምን ያስቅሃል?» አለኝ። ሰይጣን እዚያም አገር ባለጉዳይ አለው አልኩት።

እንግዲህ ለእቴቴ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፣ እጁ የተባረከ፣ ኪሱ ባዶ። ሰይጣን የተከበረ ሰው መስሎ ይመጣና «ደንበኛ ከደጅህ እንዳይጠፋ አደርግልሃለሁ፤ አንተ ነፍስህን ትሰጠኛለህ» ይለዋል። «መቼ ነው የምሰጥህ?» ሲለው፣ «ለእኔ የምትሰፋልኝ ካባ ያለቀ ቀን» ይለዋል። ተስማሙ። ደንበኛው ጎረፈ። ልብስ ሰፊው ካባውን ቆረጠ፣ ሰፋ፣ ገበሩን አስገባ፤ አንዲት የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ አስቀረ። ሰይጣን በዓመቱ መጣ። «አለቀ?» «አንዲት ቀዳዳ ቀርታኛለች፣ ክሩ አጠረኝ።» ሰይጣን ክር ገዝቶ መጣ። «መርፌዬ ተሰበረ።» መርፌ አመጣ። «ዓይኔ ደከመ።» መነጽር አመጣለት። (የእኔ ቁጥር ከታች አለ፤ ከሰይጣን ሳይሆን ከአንቺ ነው የምቀበለው።) እንዲህ ሲያመላልሰው፣ ልጆች አሳድጎ ሲድር፣ አንድ ዓመት ሰይጣን ቢመጣ ካባውን ብል በልቶት ጨርቁ እንደ ዱቄት ረግፏል። «ካባዬስ?» ቢል፣ «የለም» አለው ሰፊው። «ካባ ከሌለ ያለቀ ካባ የለም። ያለቀ ካባ ከሌለ ደግሞ የምሰጥህ ነፍስ የለኝም።» ሰይጣን ብልን እየረገመ ሄደ። ልብስ ሰፊውም በዕድሜው፣ በአልጋው ላይ ሞተ።

ማሙሽን ጠይቀሻል። ጢም አብቅሎም እስካሁን ማሙሽ ነው የምንለው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል፣ እስካሁን የነዳው ግን የእናቱን ትዕግሥት ብቻ ነው። ሾፌር የሚፈልግ ሰው ከሰማሽ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ግድ የለም፣ አላስጨንቅሽም።

አጎትሽ


ኅዳር 23

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለሁላችሁም ጤና እመኛለሁ። ዛሬ ስለ ደህንነቴ ብዙ አልጽፍም።

ተረቱን ነግሬያት ነበር። እስክታነባ ነው የሳቀችው። ከዚያ በኋላ ሥራ ሲከብዳት «አንዲት ቀዳዳ ቀርታኛለች» ትለኝ ነበር።

ጋሼ፣ ከማሽኑ አፍ ፊት ለፊት አንድ ዘንግ አለ። እጅ ገፋ ሲያደርገው ማሽኑ ቀጥ እንዲል የተሠራ ነው። ይህ ዘንግ ከተበላሸ ከርሟል። እቴቴ ክንዴን ይዛ ሳቂታው ቢሮ ወሰደችኝና «ዘንጉ አይሠራም፣ አንድ ቀን እጄን ይዞ ይገባል በይው» አለችኝ። እንዳለችው አድርጌ ነገርኩት። ሳቀና በሚቀጥለው ሳምንት አስጠግናለሁ አለ። በሌላ ጊዜም ተመልሰን ሄድን፤ ያው ሳቅ፣ ያው ቃል። ሁለቱንም ጊዜ ቢሮው ውስጥ ከእሱ፣ ከእሷና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ባለፈው ማክሰኞ የአንሶላው ጫፍ ጣቷ ላይ ተጠመጠመ። እኔ ከወዲያ በኩል እጄን ዘርግቼ እየጠበቅኩ ነበር። አንሶላው መምጣት ጀመረና ቆመ። ጩኸቷን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዘንጉን ስትገፋው አየኋት፤ በግራ እጇ ደጋግማ ስትገፋው። ሮጬ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ እስክደርስበት ድረስ ቀኝ እጇ ከብረቱ ሥር ነበረ።

ሐኪሞቹ እጁን አልቆረጡትም። ጣቶቹ ግን ከእንግዲህ አይታጠፉም ብለዋል፤ ይህንንም ለእሷ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ አስተርጓሚዋ ነኛ።

ሥራ አላቆምንም። ብረቱን አጥበው ከሰዓት በኋላ አስነሱት። ሳቂታው ዛሬ በገዛ እጁ ሻይ አምጥቶልኝ ነገ ቢሮ እንድመጣ ነግሮኛል። ሻይ አምጥቶልኝ አያውቅም ነበር።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 9

ለልጄ፣

ደብዳቤሽን ለአክስትሽ ሳነብላት አልቅሳለች። እኔም አልቻልኩም፤ ሁለተኛውን ገጽ ማሙሽ ነው የጨረሰልን። ያቺን ሴትዮ ፈጣሪ ያጽናናት። ልጆቿንም ያስባቸው።

አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ ስሚ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። እውነት ይዘው ምስክር አጥተው እንባቸውን እየጠረጉ የወጡ ሰዎችን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያቺ ሴት ምስክር አላት፤ ምስክሯ አንቺ ነሽ። ሰውየው ምንም ቢልሽ፣ ቢያስፈራራሽም ቢያባብልሽም፣ ያየሽውንና የሰማሽውን ተናገሪ። የሰው እጅ ነው። ሥራ ይገኛል። ካልተገኘም ቤትሽ እዚህ አለ፤ ያለንን ተካፍለን እናድራለን።

መነጽሩ ደርሶኛል። ይህን የምጽፍልሽ በእሱ ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 27

ለውድ አጎቴ፣

ምርቃትዎ ደርሶኛል። «ያየሽውን ተናገሪ» ያሉኝን ቆርጬ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። ግን ጋሼ፣ ያን ሲጽፉ ሳቂታው ምን እንዳለኝ ገና አያውቁም ነበር።

ወረቀት አቀረበልኝ። እቴቴ ስለ ዘንጉ ቅሬታ አቅርባ አታውቅም፣ ዘንጉንም ሥራ ለማፍጠን ራሷ ሆን ብላ አበላሽታዋለች የሚል ነው። ነገሩ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ዳኛው እንደ እሱ ካመነ ለእቴቴ ካሳ የሚባል ነገር የለም። እኔ ከፈረምኩ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴን ያወጣልኛል። ስንት ዓመት «የዛሬ ወር፣ የዛሬ ወር» ሲለኝ የኖረውን። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። እናቴ ስትቀበር ያልመጣሁት ከወጣሁ ተመልሼ መግባት ስለማልችል ነው። አፈሯን የመለሱት እርስዎ ነዎት።

አላስፈራራኝም፣ አልጮኸብኝም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ተቻኩለሽ አትወስኚ፣ ቤተሰብሽንም አማክሪ» አለኝ። ከዚያ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፤ ማን እንዳሳደገኝ፣ ምን እንደምትሠሩ። እንደ ደህና ሰው ነው ያወራኝ።

እቴቴን ሆስፒታል ሄጄ አየኋት። ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም። ፀጉሯን አበጠርኩላት። ስወጣ «ያኔ ቢሮው ውስጥ ቃሌ የወጣው በአንቺ አፍ ነው። ዳኛው ፊት ያንኑ ድገሚልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

ጋሼ፣ ምን ላድርግ? የፊተኛው ቃልዎ እንዳለ ነው? ካሉኝ አልፈርምም። ብቻ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 16

ለተወደድሽው ልጄ፣

ስለ ዘገየሁ አትቀየሚኝ። ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፤ ከዚያም የደብዳቤ ወረቀት ጠፋ፤ ከዚያም እንግዳ በዛብን። አክስትሽ ሰላም ትልሻለች። ማሙሽም ደህና ነው፤ ሰሞኑን ጉዳይ ይዞ ቤት አይገኝም።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር ብዙ አሰብኩበት። ከምመክርሽ ይልቅ ያልነገርኳችሁን አንድ ተረት ልንገርሽ፤ አያቴ ነው የነገረኝ።

አንዲት ነጋዴ ሴት ነበረች። ሱቋ ተቃጠለባት። አመዱ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሰይጣን መጣና «ሱቅሽን ከነዕቃው እመልስልሻለሁ፣ ነፍስሽን ሽጪልኝ» አላት። «እሸጥልሃለሁ» አለች። ገበያው መሀል ውል ጻፉ፣ ፈረመች። ሱቁ ተመለሰ። ቀኑ ሲደርስ ሰይጣን ውሉን ይዞ መጣ። «አልካድኩም፣ ሸጬልሃለሁ» አለችው። «ታዲያ አምጪያት።» «እኔ ሸጥኩልህ እንጂ አውጥቼ አስረክብሃለሁ አላልኩም። እንጨት የገዛ ሰው ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ግባና ውሰድ።» ሰይጣን ውሉን ቢያገላብጥ ማስረከብ የሚል ቃል አጣ። አፏን ከፍቶ ቢያይ ጥርስ ነው። በጆሮዋ ቢያጮልቅ ጨለማ ነው። ደረቷ ላይ ጆሮውን ለጥፎ «ነፍስ ሆይ ውጪ» ሲል ሴትዮዋ ፊቱ ላይ አሳለችበት። ጉንፋኗን ይዞ፣ እያስነጠሰ ወደ መጣበት ተመለሰ። ሱቁም ለእሷ ቀረ።

ገባሽ? ፊርማ አንድ ነገር ነው፣ ዳኛ ፊት ከአፍ የሚወጣ ቃል ሌላ ነገር ነው። ፈርሚለት። ፈቃድሽን በእጅሽ አስገቢ። ከዚያ ዳኛው ሲጠይቅሽ እውነቱን ትናገሪያለሽ፤ «ሥራዬን ፈርቼ ነው የፈረምኩት» ትያለሽ። ስትፈርሚ ዳኛ ፊት ዝም እላለሁ ብለሽ ቃል አትገቢም። አንቺም ትጠቀሚያለሽ፣ ሴትዮዋም አትጎዳም። የፊተኛውን ደብዳቤ የጻፍኩት በንዴት ነው። ከራስጌሽ አንሺው።

አጎትሽ


መጋቢት 20

ለጋሼ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንዳሉኝ አደረግኩ። ፈረምኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ ወጣ፤ ከነፎቶግራፌ በእጄ ነው። የያዝኩ ዕለት መንገድ ላይ እያወጣሁ አየው ነበር። ዳኛው ፊት የምለውን በሆዴ አጥንቼ፣ ለእቴቴ «አይዞሽ፣ ቀኑ ይድረስ ብቻ» ብያት ነበር።

ትናንት ጠዋት የቆሸሸ አንሶላ ይዞ የሚመጣው መኪና ደጃፍ ላይ ቆመ። ከሹፌሩ ቦታ የወረደው ማሙሽ ነው።

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ ለስንት ዓመት ያላየሁት ወንድሜ ነው። የድርጅቱን ቱታ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ተጽፎበታል። ከመጣ ሳምንት ሆኖታል። ለምን አልነገርከኝም ብለው «ድንገት ነው የሆነው» አለና መሬት መሬት አየ። ሳቂታው ከቢሮው ወጥቶ ሁለታችንንም ትከሻችን ላይ እጁን ጣል አደረገ። እየሳቀ እንዲህ አለኝ፤ «ያንቺ ፈቃድ በእጅሽ ነው። የወንድምሽ ገና በእኔ እጅ ነው። ከዳኛው መልስ እንጨርሰዋለን።»

ጋሼ፣ ነጋዴዋን ሰይጣን ብቻውን ነው የመጣባት። ወንድሟን ይዞ አልመጣም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎ። ማሙሽ ወደዚህ እንደሚመጣ ያወቁት መቼ ነው? «ፈርሚ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 4

ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። አክስትሽ ከመቼውም ይልቅ ደህና ናት፤ ጠዋት ቤት ስትጠርግ ታንጎራጉራለች። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ እያለን ነው።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ያው አንቺን የላከሽ ደላላ ነው ድንገት የመጣው። ነገሩ ፈጣን ነበረ፣ ቤቱም ተተራመሰ። ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ሽምግልና መጥቷል፣ ሁሉ ነገር ይምታታብኛል።

የምትናገሪውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ከዚህ ሆኜ እንዲህ በይ፣ እንዲያ በይ ልልሽ አልችልም። ብቻ ወንድምሽ ነው። ለጉዞው አክስትሽ ያላትን ሸጣለች። ሆዱ ቶሎ ይታመማል፣ የቀዘቀዘ ምግብ እንዳይበላ ተቆጪው።

አጎትሽ


ግንቦት 7

ጋሼ፣

ትናንት ዳኛ ፊት ቀረብን። ሌላ አስተርጓሚ አመጡላት፤ እኔ ምስክር ስለሆንኩ ማስተርጎም አልችልም ተባለ። እቴቴ እጇን በፎጣ ጠቅልላ መጣች። የተናገረችው አጭር ነው። ዘንጉ እንደማይሠራ ሁለት ጊዜ ተናግራ እንደነበር፣ የነገርኩላትም እኔ እንደሆንኩ። ሳቂታው ጥግ ላይ ነው የተቀመጠው። ማሙሽን ከኋላው አስቀምጦታል፣ ከነቱታው። ሹፌር ምን ሊሠራ ዳኛ ፊት ይመጣል? ማንም አልጠየቀም።

ዳኛው ወረቀቱን አሳየኝ። ፊርማው ያንቺ ነው? አለኝ። ነው አልኩ። እቴቴ ስለ ዘንጉ አንድም ቀን በአንቺ በኩል ቅሬታ አቅርባለች? አለኝ። ያጠናሁት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ማሙሽን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል።

አላቀረበችም አልኩ።

አስተርጓሚው ለእቴቴ ሲነግራት በደንብ ያልሰማች መስሏት ወደ እኔ ዞረች። በራሳችን ቋንቋ፣ በቀስታ፣ «ንገሪያቸው እንጂ» አለችኝ። የረሳሁ መስሏት ነው። ዳኛው ምን አለች ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ነገረው። ዳኛው አየኝ። እኔ ደግሞ የጠረጴዛውን እግር አየሁ።

ካሳ የለም ተባለ። ሳቂታው ከደግነቱ ብዛት የመመለሻ ትኬቷን ቆርጦላታል። በሚመጣው ሳምንት ትሄዳለች። ደጃፏ ሄጄ አልከፈተችልኝም።

ማሙሽ ፈቃዱን ይዟል። ለአክስቴ ይንገሩልኝ። እኔ ቀኑን አስታወሱ አላስታወሱ ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም። ደብዳቤም አይላኩልኝ።


ሰኔ 25

ለምድር ቤቷ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? እኔ ልጆቼን አግኝቻለሁ። ትልቋ ቁመቷ በልጦኛል።

ይህ የአጎትሽ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የእቴቴ ነው። ልጄ ልትጽፍልኝ ትችል ነበር። እኔ ግን ተሳፍሬ፣ ማሙሽ የነገረኝን ፍርድ ቤት ጠይቄ፣ አጎትሽ ከሥሩ የሚቀመጡበትን ጃንጥላ አግኝቼ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። «ማመልከቻ ነው ደብዳቤ?» አሉኝ። ደብዳቤ አልኩ። «ለማን?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። ከዚያ እጄን አዩ። ሥራቸው ነውና ወረቀት አወጡ። ሒሳባቸውን አስቀድሜ ከፍያለሁ፤ አልቀበልም ቢሉኝ ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ።

ደጄን ያልከፈትኩልሽ ልረግምሽ ፈርቼ ነው። አልረገምኩሽም። ይቅርም አላልኩሽም። ይህን እንዳለ ይጻፉት ብያቸዋለሁ፣ አያሳምሩት።

ወደ አውሮፕላኑ ያደረሰኝ ማሙሽ ነው። ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። መንገድ ላይ መኪናውን ጥግ አስይዞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ምን ሆንክ ብለው፣ ቪዛው የደረሰው አንቺ ከመፈረምሽ በፊት እንደሆነ ነገረኝ። ደላላው ቤታቸው የመጣው ገና በጥር ወር ነው። «እሷ ከፈረመች ልጅዎ ይሄዳል» ነው ያላቸው። አባቱ ያንን የነጋዴዋን ተረት ሲጽፉልሽ ፓስፖርቱ ከነቪዛው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከወረቀቱ አጠገብ ነበር። ማሙሽ ቆሞ እያየ። «ለእሷ አትንገራት፣ ካወቀች አትፈርምም» አሉት።

እዚህ ላይ አጎትሽ ብዕራቸውን አስቀምጠዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ሰዎች ተራ እየጠበቁ ነው። እኔ አልቸኩልም አልኳቸው። የሚቸኩል ሥራ የለኝም።

አሁን ቀጥለዋል።

አንቺ ሳቂታውን ያታለልሽ መስሎሽ ነው የፈረምሽው። ይህን ማወቅ ነበረብኝ፣ አሁን አውቄዋለሁ። አንቺም ማወቅ ያለብሽን ይኸው ነገርኩሽ። ዳኛው ፊት ያልሽው ግን ያልሽው ነው፤ ያን ጊዜ እዚያ አጎትሽ አልነበሩም።

በእኔ ቦታ አንዲት ልጅ እንደ ቆመች ማሙሽ ነግሮኛል። ዘንጉም እስካሁን እንዳልተሠራ። ንገሪያት። አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ዘንጉን ገፍተሽ አሳያት፣ ታየዋለች።

ሲጨርሱ ያንብቡልኝ አልኳቸው። አነበቡ። ስለ ፓስፖርቱ ያልኩትን ዘለሉት። ማንበብ አልችልም፣ የተናገርኩትን ግን አልረሳም። ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ አልኩ። በሁለተኛው ሁሉንም አነበቡት። ከኋላ የሚጠብቁት ሰዎችም ሰሙ።

ፊርማ የለኝም። አጎትሽ የቀለሙን ሳጥን ከፍተው እጄን ራሳቸው ይዘው በቀኝ አውራ ጣቴ ሞከሩ። ደጋግመን ሞከርን፤ ቆዳው ስለተቃጠለ መስመር የለውም፣ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚተወው። ከታች ያለው የግራዬ ነው።